ፖሊሲ አርቅቁ ተብላችኋል? ከዲፓርትመንት ስብሰባ እስከ ተማሪው ስልክ

የኮሚቴ አባል መሆናችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ እጃችሁ ገብቷል እንበል። ቁጥርና ቀን አለው፣ ማኅተም አለው፣ ግልባጩ ለአካዳሚክ ምክትል ፕሬዚዳንት ነው። ስለ ሥራው ግን ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «የሜካፕ ፈተና ፖሊሲ አዘጋጅታችሁ እንድታቀርቡ»። ሜካፕ ማለት ፈተና ላመለጠው ተማሪ ቆይቶ የሚሰጥ ምትክ ፈተና ነው። ስድስት ኪሎም አስተምሩ አራት ኪሎ፣ አምስት ኪሎም ይሁን ፒያሳ አካባቢ ያለ የግል ኮሌጅ፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ለአዲስ መምህር ነው። ፖሊሲ እንዴት እንደሚጻፍ ማንም አሳይቶት አያውቅም፤ ስለዚህ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ሰነድ ከኢንተርኔት ያወርድና ስሙን ቀይሮ ያቀርባል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ፖሊሲ ሴኔት (የዩኒቨርሲቲው የአካዳሚክ ጉዳይ ወሳኝ ጉባኤ) ስላጸደቀው አላለቀም። አለቀ የሚባለው ሬጅስትራር መስኮት ፊት የቆመው ተማሪ፣ ለእሱ ባች የሚሠራውን አንቀጽ ራሱ ፈልጎ አግኝቶ፣ አንብቦ፣ ምን ማድረግ እንዳለበት ሲገባው ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ እዚያ ለመድረስ ነው።

መጀመሪያ ከላይ ያለውን አንብቡ

አናት ላይ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 አለ፤ የቀድሞውን 650/2001 ተክቶ የመጣው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከሆናችሁ የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294/2015ም ይመለከታችኋል። ወረድ ሲባል የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ፣ የትምህርት ሚኒስቴር መመሪያ፣ ከዚያ የራሳችሁ የሴኔት ሌጂስሌሽን፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲያችሁ የውስጥ ሕግ፣ ይመጣል። እናንተ የምትጽፉት ወረቀት ከእነዚህ ሁሉ በታች ነው። የግል ተቋም ውስጥ ከሆናችሁ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሚያወጣውንም አንብቡ፤ ፈቃዳችሁ ያለው እዚያ ነው።

ይህ ለወጉ የሚደረግ ንባብ አይደለም። ከ2015 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚጨርስ ተማሪ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት፣ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። አገር አቀፍ ነው። አንድ ኮሚቴ ተማሪው አሳዝኖት «በልዩ ሁኔታ ይመረቃል» የሚል አንቀጽ ቢያስገባ አንቀጹ ወረቀት ላይ ይቀራል። የሚጎዳው አምኖት የመጣው ልጅ ነው።

አዋጆቹ አራት ኪሎ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በሚታተመው ነጋሪት ጋዜጣ ላይ አሉ፤ ኢንተርኔት ላይም ይገኛሉ። አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም ጎን ለጎን አንብቡ። ሁለቱ ከተለያዩ የሚገዛው አማርኛው ነው፤ ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 እንደዚያ ይላል። እንግሊዝኛውን ብቻ ይዞ የሚያረቅቅ ኮሚቴ ብዙ ስለሆነ ነው ይህን የምለው።

ከዚያ የራሳችሁን ሌጂስሌሽን ክፈቱ። ስለ ሜካፕ ፈተና ቀድሞ የተጻፈ ነገር ካለ የምትሠሩት ማሻሻያ ነው ማለት ነው። አሮጌው ሳይሻር አዲስ ከተጨመረ ሁለት ሕግ ይኖራል። ተማሪው አንዱን ይዞ ይመጣል፣ ዲፓርትመንቱ ሌላውን ይዞ ይጠብቀዋል።

ሳትጽፉ መስኮቱ ጋ ሂዱ

ስለ ፈተና ሕግ ከሁሉም በላይ የምታውቀው ሬጅስትራር መስኮት ላይ የምትሠራዋ ሠራተኛ ናት። ስብሰባ ላይ ግን አትጠራም። በፈተና ሰሞን ፈቃድ ጠይቃችሁ ግማሽ ቀን አጠገቧ ተቀመጡ። ማን ይመጣል? ምን ይዞ ይመጣል? ስንተኛ ቢሮው ነው?

የሚመጣው ጉዳይ እኛ ቢሮ ቁጭ ብለን ከምንገምተው ይሰፋል። አንዱ ቤተሰብ ሞቶበት ለለቅሶ ክፍለ ሀገር ወርዶ የመጣ ነው፤ በእጁ ያለው የቀበሌ ደብዳቤ ነው፣ አንዳንዴ ምንም የለውም። አንዷ ወልዳ ነው። ሌላው መንገድ ተዘግቶበት በሰዓቱ መመለስ አልቻለም። አንዱ ሁለት ፈተና በአንድ ሰዓት ተደራርቦበት አንዱን መተው ግድ ሆኖበታል፤ ይህማ የፕሮግራም አውጪው ስህተት ነው። የታመመችዋ ከግል ክሊኒክ ወረቀት አምጥታለች፣ የግቢው ክሊኒክ ማኅተም የግድ ነው ወይስ አይደለም? ኢድ ደግሞ ጨረቃ ታይታ ነው የሚውለው፣ ፈተናው በዚያው ቀን ቢገጥምስ? እነዚህን ሁሉ ጻፏቸው። ስም አትጻፉ፣ ጉዳዩን ብቻ። ረቂቃችሁ ሲያልቅ ይህን ዝርዝር አውጡና አንድ በአንድ ፈትኑት፤ መልስ የማይገኝለት ጉዳይ ካለ ረቂቁ አላለቀም።

የተማሪዎች ኅብረትን፣ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን የሚከታተለውን ክፍል፣ የዲፓርትመንት ጸሐፊዎችንም ጠይቁ። መምህራኑንም አትርሱ። ሜካፕ ማለት ለመምህሩ አዲስ ፈተና ማውጣት፣ ማባዛት፣ መፈተን፣ ማረም ነው። የእሱን ጊዜ ያላሰበ ፖሊሲ ሴኔት ቢያልፍም ክፍል ውስጥ ይወድቃል።

አንቀጹን ስትጽፉ

ብዙ ረቂቅ ላይ የምታገኙት ዓይነት አንቀጽ ይኸውላችሁ፤

«በበቂ ምክንያት ፈተና ያመለጠው ተማሪ በወቅቱ ለሚመለከተው አካል ካመለከተ ሜካፕ ፈተና ሊሰጠው ይችላል።»

ሲነበብ ደስ ይላል። ግን በቂ ምክንያት የቱ ነው? በወቅቱ ማለት በስንት ቀን? የሚመለከተው አካል ማነው፣ መምህሩ፣ የዲፓርትመንት ኃላፊው፣ ዲኑ ወይስ ሬጅስትራሩ? «ሊሰጠው ይችላል» ሲባልስ ይሰጠዋል ነው ወይስ ኃላፊው ደስ ካለው? ተማሪን ከቢሮ ቢሮ የሚያንከራትቱት እንዲህ ያሉ አንቀጾች ናቸው። ሰው ያውቀኛል የሚል ልጅ ሜካፑን ያገኛል፣ ማንንም የማያውቀው ከገጠር የመጣው ልጅ ኤፍ ይዞ ይሄዳል። እኔ እዚህ ላይ ጠንከር የምለው ለዚህ ነው፤ አሻሚ አንቀጽ ሁልጊዜ የሚጫነው ደካማው ላይ ነው።

አሁን እንዲህ አድርጋችሁ ጻፉት። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፣ የእናንተን አስገቡ፤

«ተማሪው ፈተናው ከተሰጠበት ቀን ቀጥሎ ባሉት 5 የሥራ ቀናት ውስጥ ለዲፓርትመንት ኃላፊው በጽሑፍ ያመለክታል። በአባሪ 1 ከተዘረዘሩት ማስረጃዎች አንዱን ያያይዛል። ኃላፊው በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ መልሱን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጣል። በአባሪው የተጠቀሰው ማስረጃ ከቀረበ ሜካፕ ፈተናው ይሰጣል። ማመልከቻው ውድቅ ከተደረገ ተማሪው በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ለዲኑ ይግባኝ ማለት ይችላል።»

ርዝመቱ ጨምሯል። ይጨምር። ማን፣ ምን፣ በስንት ቀን፣ በምን ማስረጃ፣ ካልተስማማ ወዴት፤ እነዚህ አምስቱ ከተመለሱ አንቀጹ ቆሟል። «የሥራ ቀን» ማለታችሁንም ልብ በሉ፤ ቅዳሜ ይቆጠራል አይቆጠርም የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም፣ ትርጉም ክፍል ውስጥ አስቀምጡት። ሆስፒታል ተኝቶ በ5 ቀን ማመልከት ያልቻለውን ሰውም አስቡበት። ቤተሰቡ ወይም ጓደኛው በስሙ እንዲያመለክትለት ፍቀዱ።

የማመልከቻ ቅጹን፣ የቢሮ ቁጥሩን፣ የስልክ ቁጥሩን ፖሊሲው ውስጥ አትክተቱ። ቢሮ በተቀየረ ቁጥር ሴኔት አይሰበሰብላችሁም። እነዚህ አባሪ ወይም የአሠራር መመሪያ ውስጥ ይግቡ፣ ሬጅስትራሩ በራሱ ሥልጣን እንዲቀይራቸው።

ቋንቋ፣ ቀንና ሰዓት

የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለሆነ ሌጂስሌሽኑም የሚጻፈው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው ጉዳዩን የሚያስረዳው፣ ኃላፊውም የሚመልስለት፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴውም የሚከራከረው በአማርኛ ነው። እዚህ መሃል ብዙ ነገር ይጠፋል። ስለዚህ ከዋናው ሰነድ ጋር አንድ ገጽ የአማርኛ ማብራሪያ አዘጋጁ። አናቱ ላይ «ልዩነት ቢፈጠር የሚሠራው በሴኔት የጸደቀው ሰነድ ነው» ብላችሁ ጻፉበት። ተማሪዎቻችሁ በሌላ ቋንቋ ይበልጥ የሚቀናቸው ከሆነ በዚያም ጨምሩ።

ቀን ላይ ግን አደራ። «ከ2017 ጀምሮ» የሚል የእንግሊዝኛ ሰነድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በእኛ ነው ወይስ በአውሮፓ? የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት አለው። የትምህርት ዘመኑን በሁለቱም ጻፉ፤ 2017 ዓ.ም. ብላችሁ አጠገቡ እ.ኤ.አ. 2024/25። ሰዓትም እንደዚሁ ነው። በእንግሊዝኛ ማስታወቂያ ላይ «2:00» ብቻ ከተጻፈ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው የሚል አለ፣ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ነው የሚል አለ። ሜካፕ ፈተናውንም የሚያመልጠው በዚህ ምክንያት የሆነ ተማሪ ሊኖር ይችላል። «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የምትል አንዲት ቃል ጨምሩ፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ግለጹ።

ረቂቁን ለሰው አሳዩ

የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል የአስተዳደር ተቋም መመሪያ ሲያወጣ ረቂቁን ለአስተያየት ክፍት እንዲያደርግ ይጠይቃል። የጸደቀውንም ድረ ገጹ ላይ እንዲያወጣ። የእናንተ ወረቀት የግቢ ውስጥ ሰነድ ነው፣ ቢሆንም መንፈሱን ውሰዱት። ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ እኮ ከ1870 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚታተም የራሱ ጋዜጣ አለው። የሕግ ለውጥ ሐሳብ ሲኖር እዚያ ላይ ቀድሞ ይወጣል፣ አባላቱ ይወያዩበታል፣ የተናገሩትም እዚያው ታትሞ ይወጣል።

እኛ ጋ ጋዜጣ አያስፈልግም። ረቂቁን ለመምህራን በኢሜይል፣ ለተማሪዎች በየባቹ የቴሌግራም ግሩፕ ላኩ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ስጡ፤ ፈተና ሰሞን ወይም ሴሚስተር እረፍት ላይ አታድርጉት፣ ማንም አያነበውም። አንድ ከሰዓት አዳራሽ ይዛችሁ አወያዩ። የመጣውን አስተያየት ሰብስቡና ከእያንዳንዱ አጠገብ ተቀብለናል ወይም አልተቀበልንም፣ ምክንያቱም ይህ ነው ብላችሁ ጻፉ። ሴኔት ላይ «ተማሪው ተጠይቋል ወይ?» ሲባል የምታወጡት ይህንን ነው።

በየደረጃው ማለፍ

መንገዱ በብዙ ቦታ ተመሳሳይ ነው። ከዲፓርትመንት ካውንስል ወደ ኮሌጁ አካዳሚክ ኮሚሽን፣ ከዚያ ጉዳዩን ለሚያየው የሴኔት ቋሚ ኮሚቴ፣ ከዚያ ወደ ሴኔት። ከሌጂስሌሽኑ ጋር የማይጋጭ፣ አንድ ኮሌጅን ብቻ የሚመለከት ጉዳይ ሴኔት ላይደርስ ይችላል። ዩኒቨርሲቲውን በሙሉ የሚነካ የአካዳሚክ ጉዳይ ግን ቤቱ ሴኔት ነው። በጀትና ዋና ዋና የአስተዳደር ነገር ካለበት ጉዳዩ ወደ ማኔጅመንትና ወደ ቦርድም ሊሄድ ይችላል፣ ቀድማችሁ ጠይቁ።

የሴኔት አባላት በአንድ ስብሰባ ብዙ አጀንዳ ነው የሚያዩት። 40 ገጽ ይዛችሁ አትሂዱ። አንድ ገጽ መሸኛ፣ ከኋላው ባለ ሦስት አምድ ሰንጠረዥ፤ ነባሩ አንቀጽ፣ የቀረበው አንቀጽ፣ ምክንያቱ። ሙሉ ሰነዱ ከዚያ ይከተላል። የሴኔቱን ጸሐፊ ቀድማችሁ አግኙና አጀንዳ የሚዘጋበትን ቀን ጠይቁ። አንድ ቀን ብትዘገዩ ወደሚቀጥለው ስብሰባ ነው የምትገፉት።

አሁን ከሁሉ የማስጠነቅቃችሁ ቦታ ላይ ደረስን። ሰብሳቢው «ከተሰጡት አስተያየቶች ጋር ጸድቋል» ይላሉ፣ ይጨበጨባል፣ ወደ ቀጣዩ አጀንዳ ይታለፋል። የትኛው አስተያየት? ከመምህራኑ አንዱ 5 ቀን ያንሳል ብለው ነበር፣ ሌላው 5 ቀን ይበዛል። ሁለቱም «የተሰጠ አስተያየት» ነው። ሳምንት ቆይቶ ቃለ ጉባኤው ሲመጣ ማንም ትክክለኛውን አያስታውስም፤ ሰነዱን ለማስተካከል የተቀመጠው ሰው የመሰለውን ይጽፋል፣ ያ ሕግ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ እዚያው ስብሰባው ላይ እጅ አውጡ። «የትኛው አንቀጽ፣ በምን ቃል እንደተቀየረ ይነበብልን» በሉ። ላፕቶፕ ይዛችሁ ግቡ፣ ለውጡን ስክሪኑ ላይ እያሳያችሁ ጻፉ፣ የተስማሙበትን ቃል ቃለ ጉባኤው ላይ እንዳለ አስገቡ። ትንሽ ሰው ይሰለቻል። ይሰልች።

ሥራ ላይ የሚውልበት ቀንም እዚያው ይወሰን። ሴሚስተር ተጋምሶ የፈተና ሕግ መቀየር ተገቢ አይደለም። ለነባር ባቾች ይሠራል ወይስ ከአዲስ ገቢዎች ጀምሮ? ይህ ካልተጻፈ ሁለተኛና አራተኛ ዓመት ተማሪዎች በአንድ ኮርስ ተቀምጠው በተለያየ ሕግ ሊዳኙ ነው።

ማውጣት ማለት

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1943 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ተማሪዎቹ 33 ነበሩ። ለ33 ሰው ክፍል ገብቶ መናገር ይበቃል። ዛሬ በየካምፓሱ ተበትኖ ላለ፣ በኤክስቴንሽን ማታ ለሚማር ተማሪ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አይበቃም፤ ክረምት ላይ ዝናቡ ያወርደዋል፣ ከላዩም የቤት ኪራይና የቲውተር ማስታወቂያ ይለጠፍበታል።

የተለመደው ነገር ይህ ነው። ሰነዱ ይታተማል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ይመታል፣ ስካን ይደረጋል፣ ገጾቹ ተጣምመው ፒዲኤፍ ሆኖ ድረ ገጽ ላይ ይሰቀላል። ፎቶ ስለሆነ «ሜካፕ» ብላችሁ ብትፈልጉ አይገኝም። ማየት የተሳነው ተማሪ የስልኩ አንባቢ ሊያነብለት አይችልም። ዳታ ይበላል። የተፈረመውን ገጽ ለመዝገብ አስቀምጡት፣ ለሕዝብ የምታወጡት ግን ከኮምፒውተሩ በቀጥታ የወጣ፣ ጽሑፉ የሚፈለግና የሚቀዳ ፋይል ይሁን። የፋይሉ ስም «ፋይናል 2 የታረመ» አይሁን፤ የፖሊሲው ስም፣ የጸደቀበት ዓመት፣ ስንተኛ እትም እንደሆነ ይጻፍበት።

የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ ትንሽ ሣጥን አስቀምጡ። ያጸደቀው ማን፣ የሴኔቱ ስብሰባ ቀን፣ ሥራ ላይ የዋለበት ቀን፣ የትኞቹን ባቾች ይመለከታል፣ የትኛውን ሰነድ ሻረ፣ የሚከለስበት ጊዜ፣ ጥያቄ ያለው ሰው የት ቢሮ ይሂድ። አውስትራሊያ ውስጥ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ፖሊሲዎቻቸውን በሙሉ በአንድ የድረ ገጽ ክፍል ሰብስበው እንዲህ ዓይነት መረጃ በየፖሊሲው ላይ ያስቀምጣሉ። የሚያስወጣው ገንዘብ የለም። ለመሥራት አንድ ከሰዓት ይበቃል።

ከዚያ ተማሪው ባለበት ሂዱ። ቴሌግራም ላይ ፋይሉን ብቻ አትጣሉት፤ ከላዩ ሦስት አራት መስመር ጻፉ፣ ምን ተቀየረ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ማድረግ አለባችሁ። ሬጅስትራር መስኮት ላይ አንዷን ገጽ በላስቲክ አሽጋችሁ ለጥፉ። ግቢው በር ላይ ያሉትን የፎቶ ኮፒ ቤቶችም አትናቁ። ተማሪው ሃንድአውት የሚያባዛው፣ ቅጽ የሚገዛው እዚያ ነው፤ አሮጌው ሕግም ተባዝቶ የሚገኘው እዚያ ነው። ስድስት ኪሎ ከሆናችሁ እነዚያን ቤቶች ዞራችሁ አዲሱን ፋይል በፍላሽ ስጧቸው፣ አሮጌውን እንዲያጠፉት ለምኗቸው። የዲፓርትመንት ጸሐፊዎቹን ደግሞ ሰብስባችሁ አንድ ሰዓት አስረዷቸው፤ ተማሪው መጀመሪያ የሚጠይቀው እነሱን ነው።

የተሻረውን ሰነድ ግን ከድረ ገጹ አታጥፉት። «ተሽሯል» የሚል ምልክት አድርጉበትና ለብቻው አስቀምጡት። የዛሬ ሦስት ዓመት ያቋረጠ ተማሪ በሪአድሚሽን ሲመለስ፣ ወይም የድሮ ተመራቂ ስለ ትራንስክሪፕቱ ሲከራከር፣ በዚያን ጊዜ ይሠራ የነበረው ሕግ ነው የሚፈለገው።

በመጨረሻም የኮሚቴው ሥራ በአዲሱ ሕግ የመጀመሪያው ፈተና እስኪያልፍ እንዲቀጥል በደብዳቤ አስወስኑ። ፈተናው ባለቀ በሳምንቱ ወደዚያው መስኮት ተመለሱና ስንት ሰው አመለከተ፣ ስንቱ በጊዜው መልስ አገኘ፣ የቱ ጉዳይ ከአንቀጹ ውጪ ሆነ ብላችሁ ጠይቁ። የመለሱላችሁን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለቋሚ ኮሚቴው አስገቡ፤ የሚቀጥለው ማሻሻያ ሰንጠረዥ ሦስተኛ አምድ የሚሞላው ከእሱ ነው።